ፊት የማይጋርድ አበባ

ጠረጴዛ ላይ አበባ መደርደርን ሰው ቀላል ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ባደግሁበት ቤት ጠረጴዛ የሚባል አልነበረም፤ ገበታ ነበር፤ ገበታ ደግሞ የሚያምረው በላዩ ባለው ነገር ነው። አበባ ውሃ ውስጥ ቆሞ ከእህል አጠገብ ሲቀመጥ ያየሁት እዚህ ፈረንጅ አገር መጥቼ ነው። ፊደልም የቆጠርኩት እዚሁ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጄ ልጇን «ሀ ሁ» ስታስጠናት አጠገባቸው ሽንኩርት እየላጥኩ። ልጅቷ ረሳችው፣ እኔ ያዝኩት። ሳልጽፈው የማያስተኛኝ ነገር ባይኖር ኖሮ እኔም እረሳው ነበር ይሆናል።

ሦስት ጓደኛሞች ነን። አንዷ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ትኖራለች፤ ሆቴል ውስጥ የድግስ ክፍል ሃያ ምናምን ዓመት ሠርታ ጡረታ የወጣች ናት፤ በጠረጴዛ ነገር ከእሷ ወዲያ ላሳር። ሁለተኛዋ ለእኔ ሰፈር የምትቀርበው የአስፐን ሂሏ ናት፤ ጴንጤ ናት፤ መኪና የምትነዳልን እሷ፣ እየነዳችም የምትዘምር እሷ። እኔ ግንድ እቆርጣለሁ፣ ቅጠል እለቅማለሁ፣ ባልዲ አመላልሳለሁ። የወዳጅ ክርስትና፣ ልደት፣ ምርቃት ሲሆን ሦስታችን ሄደን እናስጌጣለን። ሌላ ሥራ የለንም።

ለድግሱ የምናሰናዳው መጠጥ ሳይደር የሆነው በአስፐን ሂሏ ምክንያት ነው። አልኮል ካለበት ገበታ አትቀመጥም። እኛ ሁለታችን ደግሞ ጠጅ አንጠላም። ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን ሳይደር ላይ ታረቅን። የፖም ጭማቂ ነው፤ ደፍረስ ያለ፣ ቡናማ። በትልልቅ የጠርሙስ ማሰሮ እንገለብጠውና ቀረፋና ቅርንፉድ ጣል እናደርግበታለን፣ ፖም በስሱ ቆርጠን እናንሳፍፍበታለን። መጀመሪያ የቀመስኩ ቀን «ይሄማ ብርዝ ነው» አልኩ፤ ስሙ በመሃላችን ብርዝ ሆኖ ቀረ።

የአሌክሳንድሪያዋ አንድ ሕግ አላት። ጠረጴዛው አለቀ ሲባል፣ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት፣ ዞረን እያንዳንዱ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። ሃያ ወንበር ካለ ሃያው ላይ። ተቀምጠን ፊት ለፊታችን ያለችውን እናያለን። አበባው ፊቷን ከጋረደ ይነሳል ወይ ያጥራል፣ ምንም ያህል ቢያምር። «ሰው የሚመጣው ሰው ሊያይ ነው፤ አበባ ማየት የፈለገ ደጅ ይውጣ» ትላለች።

ካቻምና ጥቅምት ላይ የእሷ የመጨረሻ ሴት ልጅ ልታገባ ነበርና ለሻወሩ፣ ለሙሽራ ለሚደረገው የሴቶች ግብዣ፣ ቤቷን ልናስጌጥ ቀጠሮ ያዝን። ቀኑ ቅዳሜ። ሐሙስ ከሰዓት እኔ ቤቴ ልብስ ሳጣጥፍ ትልቁ ልጇ ደወለ።

«እማማ፣ ብቻዎን ነዎት?» አለኝ።

እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ምን ይዞ እንደመጣ አውቃለሁ። ተቀመጥኩ።

«አክስቴ አረፈች። የደሴዋ። ትናንት። ዛሬ ተቀበረች።»

አክስቱ የጓደኛዬ ታላቅ እህት ናት። እናታቸው የሞተችው ጓደኛዬ ጡት ሳትጥል ነው። እህቷ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። ለሠርጉ እንድትመጣ ብለው ጠይቀውላት ቪዛ ተከልክላለች። በየቀኑ በስልክ ድምፅ ትልክላታለች፣ ይቺም ትመልሳለች። ጓደኛዬ እህት ስትል እናት ማለቷ ነው።

«እማዬ አልሰማችም፤ እህቴም አልሰማችም። ቅዳሜ ሰው ሁሉ ተጠርቷል። እሱ ይለፍና እሁድ ማለዳ ሽማግሌ ይዘን እንነግራታለን። አደራዎን እማማ። ቅዳሜ ስልኳን ይጠብቁልኝ፤ አንዱ ሳያውቅ ‹እግዜር ያጽናሽ› ብሎ ይደውልባታል።»

«እሺ ልጄ» አልኩ። ምን ልበል? መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው። ሰው ብቻውን ሆኖ፣ ደስታ ላይ ሆኖ አይረዳም። በማለዳ ነው፤ የሚይዘው ሰው ግራና ቀኝ ቆሞለት። እኔንም ስንቴ እንዲሁ አርድተውኛል። ደግ ሥርዓት ነው። አሁንም ደግ ነው እላለሁ። ግን ያ ያልሰማው ሰው ፊት ለፊትህ ቁጭ ብሎ «ደህና ናት?» ቢልህ ምን እንደሚባል ማንም አላስተማረኝም።

ቅዳሜ ጠዋት የአስፐን ሂሏ መጥታ ወሰደችኝ። ለእሷም ተነግሯታል። ያን ቀን አልዘመረችም። ቤልትዌዩ ላይ፣ ትልቁ የቀለበት መንገድ ላይ ስንደርስ፣

«እኔ አልዋሽም» አለች።

«ማን ዋሺ አለሽ? ዝም በይ ነው የተባልነው።»

«ብትጠይቀኝስ?»

«አትጠይቅሽም። ለምን ትጠይቅሻለች?»

«ከጠየቀች አንቺ መልሺ። አንቺ ንስሐ አባት አለሽ።»

«ለእኔ ውሸት ተፈቅዷል ማለት ነው?»

«ተፈቅዷል አላልኩም። መሄጃ አለሽ ነው ያልኩት።»

ሳቅን። ሳቃችን ደግሞ አስደነገጠን።

ጓደኛዬ በሩን የከፈተችው እጇ እስከ ክርኗ ርሶ ነው። አበባ የምታሳድረው መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ነው፤ አርብ ገዝታ በቀዝቃዛ ውሃ ታነክረዋለች። ልረዳት ስገባ መብራቱ አልበራም ነበር። ከመስኮቱ በሚገባ ትንሽ ብርሃን ገንዳው ሙሉ አበባ ተንጋሎ አየሁት፤ ነጭ ጽጌረዳ፣ ቢጫ ዳሊያ፣ ጭንቅላቱ ወደ ላይ፣ ዝም ያለ። አልገባሁም። በሩን ይዤ ቆምኩ።

«ምን ሆንሽ? ግቢ እንጂ» አለችኝ። ከዚያ አበባውን እያወጣች፣ ነገሬ ሳትለው እንዲህ አለች። «ዛሬ እትዬን በሕልሜ አየኋት። እዚህ በሬ ላይ ቆማለች። ግቢ ስላት ‹እግሬ ጭቃ ነው፣ ምንጣፍሽን አበላሻለሁ› አለችኝ። ኧረ ግቢ፣ ኧረ ግቢ፣ እምቢ። ሕልም ደግሞ ምን አይነት ሞኝ ነው! እትዬ መቼ ለምንጣፍ ትጨነቃለች?»

«ሕልም እንደ ፈቺው ነው» አልኳት።

«እንግዲያስ ፍቺው።»

«መንገድ ነው። የሠርጉ መንገድ። ልቧ መጥቷል ማለት ነው።» እንዲህ ብዬ ፈታሁላት። ውሸቱ እዚያ ጀመረ ማለት ነው፤ እንግዲህ ልቁጠረው ካልኩ።

ቤዝመንት፣ ከቤቱ ሥር ባለው ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛ ገጥመን ነጭ ጨርቅ አለበስን። የአስፐን ሂሏ ከአጠገባችን ሸሽታ ወጥ ቤት ፖም ትቆርጣለች፤ ለሠላሳ ሰው የሚበቃ ሳይደር ለስድሳ ሰው በሚበቃ ፖም ሞላችው። ጓደኛዬ ወጥታ አይታ፣ «ይሄ መጠጥ ነው ወይስ ሰላጣ? ምን ነካሽ ዛሬ?» አለቻት። «ተባረኪ» አለች ያቺ፤ ሌላ አልመለሰችም።

የጓደኛዬ ስልክ የሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር። ደረጃው ላይ ትታው አንስቼው ነው። ሁለት ጊዜ ሆዴ ላይ ተንቀጠቀጠ። ሁለቱንም ጊዜ ሳልኩ፣ እንዳይሰማ።

አበባውን መደርደር ጀመርን። እሷ ከዚያ ጫፍ፣ እኔ ከዚህ። እንደወትሮው አጭር አጭሩን ላድርግ እያልኩ እጄ ረጅም ረጅሙን ያነሳል። ረጅም የዳሊያ ግንድ፣ በላዩ ቅጠል፣ በቅጠሉ ላይ ደግሞ ቅርንጫፍ። አሁን ሳስበው አውቄ ነው የሠራሁት። በእኔና በእሷ መሃል አጥር እየሠራሁ ነበር። ጨርሰን ወንበር ላይ ስንቀመጥ እኔ መሃል ላይ፣ እሷ ትይዩዬ።

«ታይኛለሽ?» አለች።

«አይሻለሁ።»

«እኔ ግን አላይሽም። ጥሻ ነው የተከልሽው።» ተነሥታ በመቀስ ግንዱን አንድ በአንድ አሳጠረችው። ቅጠሉን ነቀለች። ተመልሳ ተቀመጠች። ፊቷ ፊቴ ላይ ሆነ። «አሁን አየሁሽ» አለች፤ ከዚያ፣ «ዓይንሽ ቀልቷል» አለች።

«አበባው ነው፤ አይስማማኝም።»

«ለስንት ዓመት ተስማምቶሽ?»

የአስፐን ሂሏ ማሰሮውን ይዛ ስትገባ ነው ያተረፈችኝ። ማሰሮዎቹን በየቦታቸው አስቀመጥን። መስኮቱ ትንሽ ነው፤ በዚያ የገባው ፀሐይ ሳይደሩን ወጋውና ጨርቁ ላይ ቡናማ ብርሃን ፈሰሰ። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ያማረ ጠረጴዛ ሠርተን አናውቅም። ጓደኛዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው።

«ስልኬ የት ሄደ? ይሄንን እትዬ ማየት አለባት።»

ምን አደርጋለሁ? ከኪሴ አወጣሁ።

«አንቺ ጋ ምን ይሠራል?»

«ሳይደር እንዳይፈስበት ብዬ ነው።»

«እንግዲያስ ቪዲዮ አንሺኝ። አንቺ እጅሽ አይንቀጠቀጥም።» ቀዩን ክብ ጠቆመችኝ። ነጠላዋን አስተካከለች። እኔ ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩ። በዚያች ትንሽ መስታወት ውስጥ ከአበባው ኋላ ቆማ መናገር ጀመረች።

«እትዬ፣ እንደምን ነሽልኝ? ጉልበትሽስ? ትናንትም ከትናንት ወዲያም ድምፅሽን አላክሽልኝም፤ ኩርፊያ ነው? ይኸው ጠረጴዛችን። ይሄ ቢጫው ዳሊያ ይባላል። ይሄ የምታይው ጠላ እንዳይመስልሽ፤ ብርዝ ነው፣ ጴንጤዋ ጓደኛዬ አስክሩኝ ስለማትል። ያቺን የራስጌውን ወንበር ታያለሽ? ያቺ ያንቺ ናት። ማንም አይቀመጥባትም፤ ሰሃንም አስቀምጬልሻለሁ። ሙሽራ ልጅሽን መርቂያት እሺ? ስሜአለሁ፤ ጉልበትሽን ስሜአለሁ።»

ቀዩን ነካሁት። ቆመ። እሷ ከእጄ ወስዳ ላከችው። ደረጃው ሥር የአስፐን ሂሏ ፎጣ አፏ ላይ ይዛ ቆማለች።

«ደረሰ» አለች ጓደኛዬ። ከዚያ፣ «አየችው! ሰማያዊ ሆነ፣ እይው!» አሳየችኝ። ሁለቱ ትናንሽ ምልክቶች ሰማያዊ ሆነዋል።

ያን ጊዜ የመጣብኝን ፍርሃት እንዴት ብዬ ልጻፈው። የሞተች ሴት ከፍታ አየችው። አውቃለሁ፣ ስልኩ ደሴ ያለችው ልጇ እጅ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሰውነቴ አላወቀም። አንዱ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

«እየጻፈች ነው» አለች ጓደኛዬ። ከዚያ ግንባሯ ተኮማተረ። «እትዬ መጻፍ መቼ ትችላለች? ልጇ ትሆናለች።» ጠበቅን። እየጻፈች ነው ይላል። ይጠፋል። ደግሞ ይላል። ይጠፋል። ከዚያ ምንም።

ጓደኛዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ትይዩዬ ተቀመጠች። በመሃላችን ያጠረ አበባ ብቻ ነው።

«እቴ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። «እትዬ ደህና ናት?»

«ደህና ናት» አልኩ። ትንፋሽ ሳልወስድ። በዚህም አልበቃኝም። «ምን ትሆናለች ብለሽ ነው? ኔትወርኩ ነው። ደሴ ኔትወርክ መቼ አለ?»

ፊቴን አየችው። እኔም ፊቷን አየሁት። ከዚያ «እሺ» አለችና ናፕኪን ለማጠፍ ተነሣች።

ሻወሩ አማረ። ሠላሳ ሴት መጣ፤ ሳቅ፣ ስጦታ፣ ጨዋታ። ወጣቶቹ ጠረጴዛውን ፎቶ አንስተው አልጠግብ አሉ። የራስጌዋ ወንበር ባዶ ነበረች፤ አንዷ ቦርሳዋን ልታስቀምጥባት ስትል ጓደኛዬ አስነሣቻት። በመጨረሻ እናት ትመርቅ ተባለ። የሳይደር ብርጭቋዋን ይዛ ተነሣች። ብዙ መረቀች። መዝጊያው ላይ ልጇን በሁለት እጇ ያዘችና፣ «የአክስትሽን ዕድሜ ይስጥሽ» አለች።

ሠላሳው ሴት «አሜን» አለ።

እኔ አፌ አልከፈት አለ። ከአጠገቤ የአስፐን ሂሏ ከሁሉ ጮክ ብላ «አሜን» ስትል ሰማኋት። ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ «አልዋሽም ያልሽው ሴትዮ?» ብላት፣ «ሰማንያ ዓመት ደግ ዕድሜ ነው፤ ምን አጠፋሁ?» አለችኝና ስቲሪንጉ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። መንገድ ዳር እስክታቆም ነፍሴ ወጣ።

እሁድ ሲነጋጋ ሄድን። ልጇ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ እኛ ሁለት፣ ሌሎች አራት ሴቶች። ከኋላ ልቆም ፈልጌ ነበር፤ «አንቺ ነሽ የምትቀርቢያት» ብለው ወደ ፊት ገፉኝ። በሩ ሲከፈት እንደዚያ ሆነን በማለዳ ደጇ ላይ ቆመን አየችን። የእኛ አገር ሰው ሌላ ነገር አያስፈልገውም። ልጇን አላየችም። ሽማግሌዎቹን አላየችም። እኔን አየች።

«ትናንት ጠይቄሽ ነበር» አለች።

በቀስታ ነው ያለችው። ከዚያ እዚያው ደጃፏ ላይ ተቀመጠች፣ ከዚያ ነው ድምፁ የወጣው። ግራና ቀኝ ያዝናት። የያዝኳት በቀኝ በኩል እኔ ነኝ። ክንዷን ከእጄ ነጥቃ የአስፐን ሂሏን ጨበጠች።

ለቀስተኛው ሦስት ቀን ቤዝመንቱ ውስጥ ተቀመጠ። አበባውን ለማንሣት ማንም ትዝ አላለውም። ዳሊያው ሦስተኛ ቀን የአበባውን ቅጠል መጣል ጀመረ፤ ሰው ደረቱን እየመታ ሲያለቅስ ቢጫ ቅጠል ጨርቁ ላይ ዱብ ይላል። የእህቷ ልጅ ከደሴ ስትደውል የሆነውን ነገረቻት። ቅዳሜ እዚያ ሠልስት ነበር። ቪዲዮው ሲመጣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነበር። ልጅቷ ሳታስብ ከፈተችው። ጓደኛዬ «ጉልበትሽን ስሜአለሁ» ስትል ድንኳኑ በለቅሶ ተናጠ። ልትመልስ ጻፈች፣ አጠፋች፣ ጻፈች፣ አጠፋች። ለእሷም አደራ ተብሎ ነበር።

አልተጣላንም። ጠብ ቢሆን ሽማግሌ አለው። ጓደኛዬ ሰላም ትለኛለች፣ ሳሚኝ ብል ትስመኛለች። ግን ቃሌን ማመን አቆመች። ውሃው ተቀይሯል ስላት ባልዲውን ታሸታለች። ደህና ነኝ ስላት የአስፐን ሂሏን ዞራ «እውነት ደህና ናት?» ትላለች። ጠዋት ስደውልላት «እንዴት አደርሽ» ሳልል «ማን ሞተ?» ትላለች። ሰባ ዓመት ያለፈኝ ሴት ነኝ፤ ቃሌ እንጂ ሌላ ምን አለኝ? ማንበብ በማልችልበት ዘመን እንኳ ሰው በቃሌ ያምነኝ ነበር።

ያቺ እህቷም ትመጣብኛለች። አንድ ቀን እንኳ አይቻት የማላውቃት ሴት፤ አፓርትማዬ በር ላይ፣ በረጅሙ ኮሪደር። እግሯ ጭቃ ነው። አትገባም፣ አትሄድም። ምን ፈልገሽ ነው ስላት፣ ደህና መሆኗን ልትጠይቀኝ ይመስል ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «አደራ ጠበቅሽ እንጂ ምን በደልሽ?» አሉኝ። ስግደት እንኳ አላዘዙልኝም። ቢያዙልኝ ይሻለኝ ነበር።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተዛወረ። እሱ ሲቃረብ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ለአዳራሹ ምን ዓይነት አበባ እንደሚሆን ልንሞክር ሦስታችን ቤቷ ተሰበሰብን። ሥራው በእጅ ነው፤ አፋችን ብዙ አልተነጋገረም። ስንጨርስ እሷና እኔ የባልዲውን ውሃ ልናፈስ ጓሮ ወጣን። የአስፐን ሂሏ መኪናዋን ልታስነሣ ቀድማለች።

ጓደኛዬ ባልዲዋን ሳታፈስ ቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «ልጄ ነገ ደውሎ እንደገና አደራ ቢልሽ፤ ስለ ሌላ ሰው። እኔም እንደገና ብጠይቅሽ። ትነግሪኛለሽ?»

አዎ ልላት ነበር። ምላሴ ላይ ነበረች። አዎ ብላት ምን ያህል ደስ እንደሚላት አውቃለሁ፣ እኔንም እንደሚገላግለኝ አውቃለሁ። ግን ያን ማለዳ አሰብኩት፤ ደጃፉ ላይ ስትቀመጥ ያን ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ እጅ። ደግሞ ቅዳሜውን አሰብኩት፤ ቤዝመንት ውስጥ ከሁለት አሮጊት ጋር ብትሰማው ኖሮ። ደግሞ ፊቷን።

«አላውቅም» አልኳት።

«አታውቂም?»

«አላውቅም። እነግርሻለሁ ልልሽ ነበር። ግን ሰዓቱ ሲደርስ ምን እንደምል አላውቅም።»

ጎረቤት ሣር ማጨጃ ይጮኻል። ከዚያ ባልዲዋን አዘንብላ ውሃውን ቀስ ብላ ሣሩ ላይ ለቀቀችው።

«ይሄን አምኜሻለሁ» አለች።

መኪናው ጡሩምባ ነፋ። «ሴቶች! ትራፊኩ ሊጀምር ነው!» አለች ያቺ ከመንገድ።

«ሂጂ እንግዲህ፤ ትታሽ እንዳትሄድ» አለችኝ ጓደኛዬ። የእኔንም ባዶ ባልዲ ከእጄ ወሰደች። «ስትደርሺ ደውይልኝ።»

ሲልቨር ስፕሪንግ ደርሼ ጫማዬን ሳላወልቅ ደወልኩ። «ደረስኩ» አልኳት።

«እሺ» አለች።